ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ይመለስልን፦ ስለ መንጋጋ ሕመምተኞቻችን ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሆስፒታላችን ሥራ አመራር አባላት፣

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ባለሙያዎች ነን። በውስጥ ማስታወሻ ሁለት ጊዜ ጽፈናል፤ መልስ አልመጣም። አሁን በግልጽ የምንጽፈው ጉዳዩ የእኛ ብቻ ስላልሆነ ነው። ከበር የሚመለሱት ሕመምተኞች ናቸው፤ ለምን እንደሚመለሱ ማወቅ አለባቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። የመንጋጋ ሕመም የጥርስ ክፍል ጉዳይ ስለሆነ ፊዚዮቴራፒ ከእንግዲህ አይቀበልም፣ ትኩረቱን ስትሮክ፣ ወገብና ስብራት ላይ ያድርግ ይላል። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት የመንጋጋ መገጣጠሚያና የማኘኪያ ጡንቻ ሕመም ያለባቸውን የምናይባት ትንሿ ክፍል በሳምንቱ ተቆለፈች። ዛሬ የተሰባበሩ ወንበሮችና የድሮ ካርድ ካርቶኖች ተከምረውባታል። ማንም አላማከረንም። ቀጠሮ የያዙ ሰዎች ምን ይሁኑ ብሎ የጠየቀም የለም።

ቅሬታችንን አንድ በአንድ እንናገር።

የመጀመሪያው፣ ውሳኔው የቆመበት ሐሳብ ልክ አይደለም። መንጋጋ ማለት ጥርስ ብቻ አይደለም። ጣታችሁን ከጆሯችሁ ፊት ለፊት አድርጉና አፋችሁን ክፈት ዝጋ አድርጉት። ከጣታችሁ ሥር የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያ ነው፤ እንደ ጉልበት፣ እንደ ትከሻ ያለ። መሀሉ ላይ እንደ ትራስ የምታገለግል ስስ ዲስክ አለች። አፍ መከፈት ሲጀምር አጥንቱ እንደ በር ማጠፊያ ይዞራል፣ ከዚያ ወደ ፊት ይንሸራተታል። ግራና ቀኙ የአንድ አጥንት ሁለት ጫፎች ስለሆኑ አንደኛው ሲያነክስ ሌላው ያለ አቅሙ ይሠራል። አሁን ደግሞ ጥርሳችሁን ግጥም አድርጋችሁ ጉንጫችሁን ዳብሱት። ጠጠር ያለው ነገር ጡንቻ ነው። ሌላው ከጆሮ በላይ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቷል፤ ሁለቱ ከውስጥ በኩል ተደብቀዋል። እነዚህ ጡንቻዎች እንደማንኛውም ጡንቻ ይደክማሉ፣ ይቋጠራሉ፣ ያማሉ። ጡንቻና መገጣጠሚያ ደግሞ የፊዚዮቴራፒ የዕለት ሥራ ነው።

ሕመሙ በጥርስ በኩል ብቻ ይታይ የነበረበት ዘመን ነበር። በ1934 እ.ኤ.አ. ጄምስ ኮስተን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ጆሯቸውንና ራሳቸውን የሚያማቸውን ሰዎች አየና ምክንያቱ የኋላ ጥርስ መጉደልና የንክሻ መዛባት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ንክሻ ይስተካከል እየተባለ የስንቱ ጤነኛ ጥርስ ተሞረደ። አሁን ግን እንደዚያ አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የምርመራ መስፈርት ሕመሙን የሚለየው ጡንቻውንና መገጣጠሚያውን በመዳሰስ፣ የአፉን አከፋፈት በመለካትና ሕመምተኛውን በደንብ በመጠየቅ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ፣ የምህንድስናና የሕክምና አካዳሚዎች ስለዚሁ ሕመም ሰፊ ሪፖርት አውጥተዋል። እዚያ ውስጥ ጎላ ብሎ የተነገረው ችግር ሕመምተኛው በሐኪሞችና በጥርስ ሐኪሞች መካከል ሜዳ ላይ መቅረቱ ነው። እኛ ጋ አሁን የተደረገው ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ ሥራችን በስብሰባ ላይ «ፊት ማሸት» ተብሎ መጠራቱ። ይህ በጣም አሳዝኖናል። ስለዚህ በትክክል ምን እንደምንሠራ እንንገራችሁ።

ሰውየው ሲገባ መጀመሪያ እንሰማዋለን። መቼ ጀመረ፣ ጠዋት ነው ወይስ ማታ የሚብሰው፣ ሲያኝክ ነው ወይስ ሲያዛጋ፣ ጥርስ ያፋጫል ወይ፣ ቤት ውስጥ ሥራ ላይ ጭንቀት አለ ወይ። ከዚያ በማስመሪያ አፉን እንለካለን። ጤነኛ ትልቅ ሰው ከ40 እስከ 50 ሚሊሜትር ያህል ይከፍታል፤ በቤት መለኪያ የራሱ ሦስት ጣት ተደርድሮ ይገባል። አገጩ ሲከፈት ወደ ጎን ይሄዳል? «ቀጭ» ይላል? ድምፅ ብቻውን ሕመም ከሌለው ሕክምና እንደማያስፈልገው እዚያው እንነግረዋለን። ይህን በመስማት ብቻ እፎይ ብለው የሄዱ ሰዎች አሉ።

ሕክምናው ብዙው በእጅ ነው። ጓንት አድርገን አውራ ጣታችንን በታችኞቹ የኋላ ጥርሶች ላይ እናሳርፍና መገጣጠሚያውን ቀስ እያልን ወደ ታችና ወደ ፊት እንስበዋለን። የተቋጠረውን ጡንቻ ከጉንጭ ውስጥና ከውጭ ይዘን እስኪላላ እንጫነዋለን። ቀጥሎ እንቅስቃሴ እናስተምራለን። የምላስን ጫፍ ላንቃ ላይ፣ «ን» ስንል የሚያርፍበት ቦታ አድርጎ፣ አገጭ ወደ ጎን ሳይሄድ በመስታወት እያዩ መክፈት። በጣት ትንሽ እየተቃወሙ መክፈትና መዝጋት። አንገትንና ትከሻን ማስተካከል፤ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ አቀርቅሮ ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቺሊያዊው ፊዚዮቴራፒስት ማሪያኖ ሮካባዶ ያስተዋወቀው ስድስት እንቅስቃሴ፣ እያንዳንዱ ስድስት ጊዜ፣ በቀን ስድስት ጊዜ የሚባል ሥርዓት አለ። እኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስቱን ብቻ ነው የምንሰጠው። ሰው ቤቱ ሄዶ የሚሠራው ይሻላል።

ትልቁ ሥራ ደግሞ ልማድ ላይ ነው። ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ፤ ይህን ስንናገር ብዙዎች ይደነግጣሉ፣ ጥርስ ሁልጊዜ ገጥሞ መቀመጥ ያለበት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ማስቲካ ለጊዜው ይቅር። ቆሎና ሸንኮራ ይቆይ። ጫት የሚቅም ሰው በአንድ ጉንጩ ለሰዓታት ይዞ የሚያኝከው ጡንቻውን እንዴት እንደሚያደክመው በእጃችን እያስነካን እናሳየዋለን። ፍትፍት፣ ሽሮ፣ ገንፎ ጥሩ ነው። ጉርሻው ይነስ፤ በሰርግ ቤትም ቢሆን «መንጋጋዬን ታምሜ ነው» በሉ እንላለን፣ አጉራሹ እንዳይቀየም። ሲያዛጉ አገጭን በጡጫ ከሥር መደገፍ። ሞቅ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጉንጭን መያዝ።

ይህ ሁሉ የራሳችን ፈጠራ አይደለም። በ2023 እ.ኤ.አ. ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ ከመንጋጋ መገጣጠሚያና ጡንቻ ችግር ጋር ለተያያዘ ሥር ለሰደደ ሕመም መመሪያ ወጥቷል። በጥብቅ ከሚመክራቸው ውስጥ በባለሙያ እጅ መገጣጠሚያን ማንቀሳቀስ፣ የተቋጠረ ጡንቻን በእጅ መጫን፣ በባለሙያ ክትትል የሚሠራ የመንጋጋና የአቋም እንቅስቃሴ፣ በቤት የሚሠራ እንቅስቃሴና ማስተማር ይገኙበታል። አስተሳሰብና ልማድ ላይ የሚሠራ የሥነ ልቦና ሕክምናም አብሮ አለ፤ እሱን እኛ መስጠት አንችልም፣ ማስታወስ ግን ግዴታችን ነው። በሌላ በኩል ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር፣ ቴንስ የሚባለው በኤሌክትሪክ የሚነዝር መሣሪያ፣ ማታ ጥርስ ላይ የሚደረገው ናይት ጋርድ፣ የቦቶክስ መርፌ፣ እነዚህን ባይደረጉ ይሻላል በሚለው በኩል አስቀምጧቸዋል፤ ፈጽሞ አይደረጉ ሳይሆን በቅድመ ሁኔታ። ዲስኳን በቀዶ ሕክምና ማውጣትን ግን በጥብቅ ይቃወማል። ቴንስ እኛም መንጋጋ ላይ ለዓመታት ተጠቅመናል። አሁን አቁመናል። የመንጋጋ ሕመምተኛን ከእኛ ወስዶ የሌዘር መሣሪያ በመግዛት መተካት ይቻላል የሚል ሐሳብ በኮሚቴ መነሳቱን ስለሰማን ነው ይህን የምንጽፈው። የእኛ ወጪ ጓንት፣ ማስመሪያ፣ መስታወትና ግማሽ ሰዓት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ሰዎቹ ናቸው። ስም አንጠራም።

አንዲት መምህርት ነበረች። 30ዎቹ ውስጥ ናት፣ አንደኛ ክፍል ታስተምራለች፣ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ነው የምትውለው። ቀኝ ጆሮዋን ያማታል። ከአንገት በላይ ሐኪም አየቻት፣ ጆሮዋ ንጹሕ ነው። ጠብታ ወሰደች፣ ፀረ ተሕዋስያን ወሰደች። ከዚያ የጥርስ ነው ተባለና ሌላ ቦታ ሁለት መንጋጋ ጥርሶቿ በወራት ልዩነት ተነቀሉ። ሕመሙ እዚያው አለ። እኛ ጋ የመጣችው ጎረቤቷ ነግራት ነው። አፏ 27 ሚሊሜትር ነበር የሚከፈተው። የጉንጯን ጡንቻ ጫን ስናደርገው «ይኸው! ይኸው ጆሮዬን!» አለች። ከጉንጭ ጡንቻ የሚነሳ ሕመም ጆሮ ላይ ሊሰማ እንደሚችል ማንም አልነገራትም ነበር። በሰባት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ጊዜ መጣች፣ 42 ሚሊሜትር ደረሰች፣ ጆሮዬን ማለት ተወች። በመጨረሻው ቀን የጠየቀችን አንድ ነገር ነው፦ «ጥርሶቼ ታዲያ ለምን ተነቀሉ?» ይህን ደብዳቤ የማረቅቀው እኔ ነበርኩ ያከምኳት፤ መልስ አልነበረኝም።

አንድ ትልቅ አባት አሉ፤ ጋሽ ነው የምንላቸው። የጉሮሮ ካንሰር ጨረር ታክመው ድነዋል። ጨረሩ ግን የማኘኪያ ጡንቻቸውን አደረቀው። አፍ ከ35 ሚሊሜትር በታች ሲከፈት እንዲህ ላለ ሕመምተኛ እንደ ችግር ይቆጠራል፤ የእሳቸው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ምላስ ለማየት የሚያገለግሉትን ስስ እንጨቶች ደራርበን በጥርሳቸው መካከል እያስገባን፣ በየሳምንቱ አንድ እንጨት እየጨመርን፣ ከዘጠኝ ተነስተን አሥራ ሦስት አድርሰናቸው ነበር። እንጀራ ጠቅልለው መጉረስ ጀምረው ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ ወዲህ ኮሪደር ላይ ሳገኛቸው ለካኋቸው። አሥር። እንደገና አጥሚት በቀጭን ቱቦ እየጠጡ ነው። ይህ ዓይነቱ ድርቀት ካልተሠራበት እየጠበበ ይሄዳል። እሳቸውን ወደ ጥርስ ክፍል መላክ ምን ይጠቅማል? ጥርሳቸው ሕክምና አያስፈልገውም።

ሌላው የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ለማትሪክ ሲያጠና ሌሊት ጥርሱን እያፋጨ ያድር ነበር፤ እናቱ ከሌላ ክፍል ሆና ትሰማው ነበር። አንድ ጠዋት ሲያዛጋ መንጋጋው «ቀጭ» አለና ከዚያ ወዲያ ከሁለት ጣት በላይ አልከፈት አለ። ቤተሰቡ መንጋጋ ቆልፍ ነው ብሎ ተሸበረ። ድንገተኛ ክፍል ቴታነስ አለመሆኑ ተረጋገጠ፣ ይህ ጥሩ ነው። ከዚያ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱት። ወጌሻ የወለቀ መንጋጋ መመለስ ያውቃል፣ እናከብራለን፤ ይህ ልጅ ግን አልወለቀም፣ ዲስኳ ናት ከቦታዋ ተንሸራትታ የያዘችው፣ ሲጎተት ባሰበት። ወደ እኛ ሆስፒታል ሲመጣ ወረቀቱ ተለጥፏል። ጥርስ ክፍል ተላከ። እዚያ ያለችው ሐኪም መርምራ፣ ራጅ አንስታ፣ ጥርሶቹ ጤነኛ መሆናቸውን ጽፋ «እባካችሁ እዩልን» ብላ ወደ እኛ መለሰችው። እኛ ደግሞ በተሰጠን ትእዛዝ መሠረት አንቀበልም ማለት ነበረብን። እናትየው ሁለቱን ወረቀት በሁለት እጇ ይዛ በራችን ላይ ቆማ «ታዲያ ልጄን የት ልውሰደው?» አለችን። እንዲህ ያለውን ቶሎ መጀመር ይሻላል፤ እሱ ግን ፈተናውን የተፈተነው በዚያው ሕመም ነው።

ይህንንም ልብ በሉልን። የጥርስ ክፍል ባልደረቦቻችን ይህን ውሳኔ አልጠየቁም። ወረፋቸው ሞልቶ ፈስሷል። የበሰበሰ ጥርስ፣ መግል፣ የተሰበረ መንጋጋ፣ ተጣሞ የበቀለ ጥርስ የእነሱ ነው፤ ያለ እነሱ አንሠራም። ከእነሱ ጋር ስንሠራ ነው ነገሩ የሚያምረው።

አራተኛው የክፍያ ጉዳይ ነው፣ አጭር ነው ግን ብዙ ሰው ያስቀራል። የመንጋጋ ፊዚዮቴራፒ በሆስፒታሉ የአገልግሎት ዝርዝር ውስጥ ኮድ የለውም። ገንዘብ ያዡ ኮድ ከሌለ መመዝገብ አይችልም። ስለዚህ የጤና መድን ደብተር የያዘች ልብስ ሰፊ ለወገቧ ስትመጣ በደብተሯ ትታከማለች፣ ለመንጋጋዋ ስትመጣ ከኪሷ ክፈይ ትባላለች። አንዷ እንዲህ ተብላ ሁለት ቀን ብቻ መጥታ ቀርታለች። ክፍሉ ቢከፈትም ይህ ካልተስተካከለ ለድሃው አልተከፈተም።

ሁሉን እንፈውሳለን አላልንም። የማይሻላቸው አሉ፤ ስድስት ሳምንት ሠርተን ለውጥ ካላየን እንደገና እንዲመረመሩ እንልካለን። አንዳንዱን ደግሞ ከመጀመሪያውም መንካት የለብንም። እብጠትና ትኩሳት ያለው፣ ፊቱ የደነዘዘ፣ ሳይታወቅ ክብደቱ የቀነሰ፣ አፉ ውስጥ የማይድን ቁስል ያለው ቶሎ ወደ ሐኪም። ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ሲያኝክ መንጋጋው እየዛለ የሚቆምበት፣ አዲስ ራስ ምታት የጀመረው ወይም ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው የደም ሥር ብግነት ሊሆን ይችላል፣ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያው ቀን። ደረት ሲጨንቅ መንጋጋ ድረስ የሚወጣ ሕመም ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። እነዚህን መለየት ሥልጠና ይፈልጋል። ሕመምተኛው ካርድ ክፍል መስኮት ላይ «ጥርስ ነው?» ተብሎ ብቻ ሲመደብ ግን ማንም አይለያቸውም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ይመለስልን። ክፍሏ ትጽዳልን፤ ወንበሮቹን እኛው ተሸክመን እናወጣለን፣ ቦታ ብቻ አሳዩን። አዲስ ሰው አልጠየቅንም፣ አዲስ ማሽንም አልጠየቅንም።

በግንቦት የወጣው ማስታወቂያ ተነስቶ በቦታው ከጥርስ ክፍል፣ ከአንገት በላይና ከእኛ አንድ አንድ ሰው ሆነን የምንጽፈው የአንድ ገጽ የሪፈር መመሪያ ይለጠፍ። ማን መጀመሪያ ማንን እንደሚያይ፣ የትኛው ምልክት ወዴት እንደሚሄድ ይጻፍበት። ረቂቁን በሁለት ሳምንት ውስጥ እናቀርባለን። ጥርስ እንዲነቀል የሚወሰነው ሕመሙ ከጥርሱ መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲሆን፣ ጥርጣሬ ካለ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ቀድሞ እንዲታይ እዚያው ውስጥ ይግባ።

ለአገልግሎቱ ኮድ ይሰጠው፣ የመድን ደብተር የያዘ በደብተሩ ይታከም።

ከግንቦት ወዲህ የተመለሱት ሰዎች ስልካቸው መዝገባችን ላይ አለ። እንድንደውልላቸው ፈቃድ ስጡን። ጋሽን መጀመሪያ እንጠራለን፤ ለእሳቸው እያንዳንዱ ሳምንት አንድ እንጨት ነው።

ወደፊት ደግሞ አንድ አገልግሎት ከመዘጋቱ በፊት የሚሠሩበትን ሰዎች ጠይቁ። በአካል ተገኝታችሁ አንድ ከሰዓት ብትቀመጡ ደስ ይለናል፤ ማስመሪያውን ይዛችሁ ራሳችሁ ትለካላችሁ።

መልሳችሁን በጽሑፍ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

በሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል የምንሠራ ባለሙያዎች